አንገቷ ያልጠና ወታደር

ምሽጉን በዕድሜ እበልጠዋለሁ። ይህን ስል ጎብኚዎቹ የምቀልድ ይመስላቸዋል። በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ እንግሊዞች ከአገሩ ተወላጆች ከቼሮኪዎች ጋር ይዋጉ በነበረበት ዘመን እንደተሠራ ይናገራል። እሱስ እውነት ነው፤ ግን የያኔው ምሽግ በስብሶ አፈር ከሆነ ስንት ትውልድ አለፈ። አሁን የቆመው፣ ጫፉ እንደ እርሳስ የተቀረጸው የግንድ አጥር፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ በጭነት መኪና የመጣ ጥድ ነው። በሩን የሰቀለው አባቴ ነው። ሲከፈት ሲጢጥ ይላል፤ ጎብኚዎቹም የጥንት ድምፅ መስሏቸው በስልካቸው ይቀርጹታል። አባቴ ዘይት መቀባት ጠልቶ ነው እንጂ ሌላ ታሪክ የለውም።

እውነተኛ የቆየ ነገር ማየት የፈለገ ከምሽጉ ጀርባ ዞሮ ጫካ መግባት አለበት። የእግር መንገዷ አጭር ናት። ከበሩ ተነሥታ ወንዙን ተከትላ ትወርዳለች፣ በኦክ ዛፎቹ መሃል ሽቅብ ትወጣለች፣ ከዚያ ዞራ እዚያው በሩ ላይ መልሳ ትጥልሃለች። ዳገቱ አናት ላይ የእኛ የሮቢኔቶች መቃብር አለ። ድንጋዮቹ ከወንዝ የወጡ ናቸው፤ ስም አልተጻፈባቸውም። ማን የት እንዳረፈ እኛ እናውቃለን፤ ከኛ ሌላ ማወቅ የሚገባው ሰውም አልነበረም።

መንግሥት ኮረብታውን ለምሽጉ ሲወስድ፣ መቃብሩ የናንተ ነው፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ኑ ተብለን ነበር። እኛም ሰኔ ሊገባ ሲል ባለው እሑድ በየዓመቱ እንሄዳለን። በኛ በቴኔሲ ተራራ ሰዎች ዘንድ ይህ ቀን መቃብር የሚጌጥበት ነው። አጌጠ የሚባለውም ሣሩ ተነቅሎ፣ አፈሩ እራቁቱን ቀርቶ፣ ከላይ ክምር ተደርጎ፣ በሰም የተነከረ የወረቀት አበባ ሲሰካበት ነው። ከዚያ እዚያው ከሙታኖቻችን ጋር ምሳ እንበላለን። ሣር የበቀለበት መቃብር ወገን የሌለው ሰው መቃብር ነው። በኛ አገር ሰውን አንጀቱ ድረስ መስደብ ከፈለግህ፣ የእናትህ መቃብር ሣር አብቅሏል በለው።

ዘንድሮ አክስቴን ኦርፋን ይዤ ሄድኩ። ሰማንያ አልፏታል። ክረምቱን ዳሌዋን ተሰብራ ተኝታ ስለከረመች፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ከኛ ወገን መቃብሩን ያየው ሰው የለም፤ በመሃል የምትመላለሰው እሷ ነበረች። ሌላ ጊዜ በኋላ በኩል በመኪና እናደርሳት ነበር፤ ዘንድሮ ግን በምሽጉ በዓል ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ በእግሯ ሄደች። እሷ ዱላዋንና የአበባ ቅርጫቷን፣ እኔ ሁለት መኮትኮቻና የተጠበሰ ዶሮ ይዘን ነበር። ወንዙ ዳር አረፍ በይ ብላት፣ ልጄ እየጠበቀችኝ ነው ብላ አለፈችኝ።

ልጇ ሜልቪና ናት። ኮረብታው የኛ ሳለ ተወለደች፤ ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። ከእሷ በኋላ አክስቴ ሌላ ልጅ አልወለደችም። እናትነቷ በሙሉ ያለው እዚያች ትንሽ የአፈር ክምር ላይ ነው። እሷን የማያውቅ ሰው አሮጊት ሴት አፈር ትቧጥጣለች ሊል ይችላል። እኔ ግን የልጇን ፀጉር እንደምታበጥር አድርጌ ነው የማያት።

አናቱ ላይ ስንደርስ ሣር አየን። አረንጓዴ፣ እኩል የተከረከመ ሣር፣ ከዳር እስከ ዳር። ክምሮቹ ተደልድለዋል። ዙሪያውን አጭር የብረት አጥር ታጥሯል፣ ፊት ለፊቱም ሰሌዳ ቆሟል። አክስቴ በዱላዋ ሰሌዳውን አመለከተችኝ።

"ዊልማ፣ መነጽሬን አልያዝኩም። ምን ይላል?"

"ያልታወቁ የምሽጉ ወታደሮች እዚህ አርፈዋል፣ ይላል።"

"ድገሚው።"

ደገምኩት። 

ወዲያው የምሽጉ ኃላፊ ሚስተር ፒርስ እያለከለከ ደረሰ። መኮትኮቻ ይዘን ስንገባ ከበሩ አይቶን ነው። ባለፈው መከር ከቺካጎ ተልኮ የመጣ ሰው ነው፤ ትሑት እንደሆነ አልክድም፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነው ያነጋገረን። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ አፈሩ ተገላብጦ እራቁቱን ሲያገኘው የዱር አሳማ የቆፈረው መስሎት እንዳፈረ ነገረን። ሣሩን በገዛ እጁ ዘራ። በዚህ በኩል ወታደሮች ሞተዋል የሚል ወሬ ሰምቶ ሰሌዳውን አስተከለ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ለሱ ነው። ከኮረብታው ሥር ያለው ቤት ሁሉ ሮቢኔት ነው፤ አንዱን በር ቢያንኳኳ ምን ነበረበት?

ይህንኑ ነገርኩት፣ ከዚህም በባሰ ቃል። እሱ ግን ቅርስ በሆነ ቦታ ስለታም መሣሪያ ክልክል ነው፣ ከኮተኮታችሁ ፖሊስ መጥራት ግዴታዬ ነው አለ። ቅርስ! ከእኔ በኋላ የተተከለ ግንድ ቅርስ ሆኖ፣ አያቶቼ የዱር አሳማ ሆኑ።

አክስቴ ግን አልጮኸችም።

"የተከለከለው መሣሪያ ነው አልክ፣ የኔ ልጅ?"

"አዎ እማማ፣ ስለታም መሣሪያ።"

ዱላዋን አቀበለችኝ። የአጥሩን መዝጊያ ከፈተች፣ በጎኗ ያለውን የመቃብር ድንጋይ ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከች፤ ዳሌዋ ሲያማት ፊቷ ላይ አየሁ። ከዚያ ሣሩን በእፍኟ ጨብጣ መንቀል ጀመረች።

"ይሄ ጣቴ ነው። ደንዝዟል፣ አትፍራ።"

መኮትኮቻዎቹን ከአጥሩ ውጭ ጥዬ ገባሁና አጠገቧ ተንበረከክሁ። አዲስ ሣር ክፉ ነው፤ ላዩ ይበጠስና ሥሩ ይቀራል። ጥፍራችንን እያስገባን ነቀልን። ሚስተር ፒርስ ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ጣት ክልክል ነው የሚል ደንብ እየፈለገ ይሆናል።

በዚህ መሃል ከበሮ ሰማን። ለበዓሉ ከሌላ ከተማ የተቀጠረ፣ እንደ ጥንት እንግሊዝ ወታደር ቀይ የሱፍ ኮት ለብሶ በላብ የተጠመቀ ሰው ጎብኚዎችን አስከትሎ ዳገቱን ወጣ። ለምሽጉ ብለው የወደቁ ጀግኖች ብሎ ሊጀምር ሲል ሁለት አሮጊቶች ጀግኖቹን ሲነቅሉ አየ። አክስቴ ቀና አለች።

"አንተ ባለቀይ ኮት፣ ይሄኛው ወታደር ማን ይባላል?"

"አይታወቅም እማማ።"

"ይታወቃል። ሜልቪና ሮቢኔት ትባላለች። የኔ ልጅ ናት። የምን ወታደር ትላታለህ? አንገቷ እንኳ አልጠናም ነበር።"

ከበሮው ቆመ። ሰውዬው ባለ ሦስት ጫፍ ባርኔጣውን አወለቀ። ሊቀርጹን ስልካቸውን ያነሡ ጎብኚዎች አንድ በአንድ አወረዱ።

ሚስተር ፒርስ ፊቱ ቀልቶ አጥሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ክፉ አስቤ አይደለም አለ በዝግታ። እናቴም ቺካጎ ያረፈችው እንዲህ ያለ ሣር ሥር ነው፤ ለኔ ክብር ማለት ይሄ ነው አለ። አክስቴ እጇን ከሣሩ ላይ አነሣች። ከመጣን ወዲህ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራራ።

"ወገን የላትም እንዴ?"

"እኔ አለሁ።"

"ታዲያ ለምን ሣር አበቀለች?"

 ልትሰድበው እንዳልሆነ ገብቶታል፤ ከልቧ አዝናለት ነበር። እኔ ግን አላዘንኩለትም፤ በሰው መቃብር ላይ የዘራውን ገና ነቅዬ አልጨረስኩም።

ሲነሣ መልሶ ኃላፊ ሆነ። ሰሌዳውን ለማስነሣት ለበላዮቹ እጽፋለሁ አለ። መልስ እስኪመጣ ግን ደንቡ ደንብ ነው፣ ሰኞ ሣሩ ተመልሶ መዘራቱ አይቀርም አለ።

"ዝራው" አለች አክስቴ። "በቆሎ ስዘራበት የኖርኩት ኮረብታ ነው፤ ምን እንደሚበቅልበት አውቃለሁ። አንተ ትዘራለህ፣ እኔ እነቅላለሁ።"

የሜልቪና ቦታ እራቁቱን ቀርቶ ነበር። አፈሩን በመዳፏ ሰብስባ ከመረችው፣ አበባዋን ሰካችበት። ከዚያ የእሑድ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከክምሩ ጎን በጀርባዋ ተዘረጋች። ሚስተር ፒርስ የወደቀች መስሎት አጥሩን ዘሎ ገባ።

"አልወደቅሁም። ልኬን እያየሁ ነው። ቦታዬ ይሄ ነው፣ ከልጄ ጎን። ና፣ ፊቴን እየው። ደኅና አድርገህ እየው። ኦርፋ ሮቢኔት እባላለሁ። ዛሬ አውቀኸኛል፤ ነገ እዚህ ስተኛ ያልታወቀች እንዳትለኝ።"

እሱም ጎንበስ ብሎ አየ። ስሟንም ቀስ ብሎ ደገመው። መብላት ክልክል ነው የሚል ሌላ ሰሌዳ እዚያው ዛፉ ላይ ነበር። ዶሮውን ፈትቼ ከሥሩ ምሳችንን ዘረጋሁ።