ከምቱ በኋላ

«ያንን ነገር ከአንገትህ ላይ አታወልቀውም? ሰው ምን ይላል?»

አክስቱ በክርኗ ጎሸም አድርጋው አለፈች። ሁለት እጁ የሻይ ትሪ ይዟል፤ የጆሮ ማዳመጫውን በምን ያውልቀው? አንገቱ ላይ መኖሩንም ረስቶት ነበር። ጠዋት ሲነሳ እጁ በልማድ አንስቶ ጣል አድርጎት ነው እንጂ፣ አባቱ ከተቀበረ ወዲህ አንድም ነገር አልሰማበትም።

ሳሎኑ ሞልቷል። ለቀስተኞቹ የተቀመጡት ሟቹ በገዛ እጁ በሠራው ሶፋ ላይ ነው። ከየደንበኛው በተረፈ ጨርቅ የተለበጠ ስለሆነ አንዱ ክንዱ ቡናማ፣ ሌላው አረንጓዴ፣ መደገፊያው ባለአበባ ነው። «ቁራጭ አይጣልም» ይል ነበር አባቱ። የሰው ሶፋ እየሠራ የኖረ ሰው ለቤቱ ያተረፈው ይኸንን ነው። ሰው በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር ከሥር ያለው ሞላ ሲጥ ይላል። ልጁ ሳይወድ በግዱ ይሰማዋል።

እሱ ራሱ በወጉ አልተቀመጠም። ሻይ ይቀዳል፣ ፔርሙዝ ይሞላል፣ ከጎረቤት ወንበር ይሸከማል፣ በር ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናህ» ይባላል። አረፍ ቢል ይወድ ነበር። ባዶ ቦታ ያለው ግን እናቱ ጎን ብቻ ነው። የአባቱ ቦታ ስለሆነ እንግዳ አይደፍረውም። እሱም አይደፍረውም፤ እዚያ ከተቀመጠ ያንን ጥያቄ ትደግመዋለች።

ጥያቄው ከቀብሩ ማግስት የመጣ ነው።

«አንተ እዚህ ቤት ያልቀዳኸው ድምፅ አለ?» አለችው እናቱ፣ ፊቷን ሳትታጠብ። «እስቲ የሱን አሰማኝ። ሲናገር ልስማው። መልኩስ ፎቶው አለ። ድምፁ ግን ከአሁኑ እየጠፋብኝ ነው።»

«የሠርጉ ቪዲዮ አለ አይደል?» አለች አክስቱ።

«የቱ ሠርግ ላይ አፉን ከፈተ? ምስማር እንደጎረሰ አይደል እንዴ ወንድምሽ የሚቀረጸው!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ልጁ «እፈልግልሻለሁ» ብሎ ወጣ።

የአባቱ ወርክሾፕና የሱ ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ልጁ ሥራውን ያገኘው በዚያ ግድግዳ ምክንያት ነው። ላፕቶፕ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ቢት ሲሠራ፣ ራፐሮች ግጥማቸውን የሚያወርዱበትን ምት ሲገጣጥም ማለት ነው፣ ከወዲያ የአባቱ መዶሻ እየገባ ያበላሽበት ነበር። መጀመሪያ ተናደደ። ቆይቶ ሰለቸው። አንድ ቀን ግን እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስቶ ማዳመጥ ጀመረ።

አባቱ ምስማሮቹን አፉ ውስጥ ይዞ ነበር የሚሠራው። ጠቅ ጠቅ ያደርግና ከከንፈሩ መሀል አዲስ ምስማር እስኪያወጣ ትንሽ ይዘገያል፤ ከዚያ ጠቅ። ልጁ ያንን መዘግየት በኮምፒውተሩ እኩል ሊያደርገው ሞከረ። እኩል ሲሆን ሞተበት። እንደነበረ ሲመልሰው አንገቱ ሳያስበው ተወዘወዘ።

ከዚያ ወዲያ ስልኩን ይዞ ወርክሾፑ ውስጥ መዋል ሆነ። መቀሱ ጨርቅ ላይ ሲሮጥ ይቀዳል። ጨርቅ ሲቀደድ ይቀዳና አዘግይቶ ነፋስ ያስመስለዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጨረሻው ነበር። አንድ ሶፋ ባለቀ ቁጥር አባቱ የተረፉትን ምስማሮች ከአፉ ያወጣል፤ መቀመጫውን በመዳፉ አንዴ ዱም ያደርገዋል፤ ቀና ብሎ ባለቤቶቹን «እንግዲህ ተቀመጡበት!» ይላል። ያ ዱም ወፍራም ነው፤ ሙቀት አለው። ልጁ ከየትም የከበሮ ድምፅ ቢያወርድ የሚስተካከለው አላገኘም።

«አንተ ኳኳታ፣» ይለዋል አባቱ፤ ስሙን ያወጣለት እሱ ነው። «ሌላው ሰው ዘፈን ይቀዳል፤ አንተ የኔን ድካም ትቀዳለህ?»

«አባዬ፣ ዝም በል፤ እየቀዳሁ ነው።»

«በገዛ ቤቴ?»

«ዝም በል እንጂ! ድምፅህ ገባበት።»

አባቱ ይስቃል። ሳቁም ይገባበታል።

ልጁ ክፍሉ ይመለስና ይቆርጣል። ሳቁን ይቆርጣል፤ «ኳኳታ»ን ይቆርጣል፤ «ተቀመጡበት»ን ይቆርጣል። ምቷን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይደመስሰዋል፤ ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፣ ትርፍ ነገር የሚይዝበት ቦታ የለውም። የሚመካውም በዚሁ ነበር። የሱን ያህል ንጹሕ ምት የሚያወጣ የለም ይባላል።

አሁን እናቱን «እፈልግልሻለሁ» ካለ በኋላ ያለውን ሁሉ ከፍቶ አይቷል። ጠቅ አለ። መቀሱ አለ። ዱም አለ። አባቱ የለም።

ከሰዓት በኋላ ምላጭ መጣ። በልጁ ቢት ላይ የሚጫወት ራፐር ነው፤ ቃሉ ይቆርጣል ተብሎ ነው ምላጭ የተባለው። ለቅሶ ቤት ሲሆን ግን የሚለው ጠፍቶት በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አክስትየዋ ጉልበቱ ላይ የተቀደደውን ሱሪ አየችው።

«ምነው ልጄ፣ መርፌ ጠፋ?»

«ፋሽን ነው፣ እትዬ።»

«ወንድሜ ቢኖር በአንድ አፍታ ይጥፍልህ ነበር» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ሁለቱ ወደ ወርክሾፑ ገቡ። አባቱ የጀመረው ሶፋ መሀል ላይ ቆሟል፤ ጨርቅ አልለበሰም፣ ሞላው ገጥጧል። ምላጭ የሚቀመጥበት አጥቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አልተኛህም አይደል?»

«እማዬ የአባዬን ድምፅ አሰማኝ ትለኛለች። የለኝም። ቆርጬ ቆርጬ ጥዬዋለሁ።» ልጁ ይኸንን ሲናገር ገና የመጀመሪያው ነው። «እዚሁ ስልክ ስደግንበት ውዬ፣ አንድ ቃሉ የለኝም።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩህ እኮ!»

«ያቺስ?» አለ ምላጭ።

«የቷ?»

«ከዱሙ በኋላ ያለችዋ። ‹እን› የምትለዋ።»

ልጁ ቀና ብሎ አየው።

«እኔ እሷን ሰምቼ አይደል እንዴ ወደ ግጥሜ የምገባው?» አለ ምላጭ። «‹አራት ቁጠርና ግባ› ትለኛለህ፤ ቆጥሬ አላውቅም። ጋሼ ‹እን› ሲሉ እገባለሁ።»

ልጁ አስታወሰ። መጀመሪያ ሲሠራው አሳጥሮ ቆርጦት ነበር፤ ዱሙ እንደ ካርቶን ደረቀበት። ጭራው፣ ከምቱ በኋላ እየሳሳ የሚጠፋው ድምፅ፣ ያስፈልገዋል ብሎ ትንሽ ረዘም አደረገው። ከጭራው ጋር የአባቱ ቃል መነሻ ተጣብቆ ቀረ። ከመስማት ብዛት ጆሮው እንደ ከበሮ ጭራ እንጂ እንደ ሰው ድምፅ አይቆጥረውም ነበር።

ከክፍሉ ኮምፒውተሩን አቅፎ ወደ ሳሎን ተመለሰ። እናቱ ፊት ቆመ።

«እማዬ፣ ትንሽ ነው» አላት። «በጣም ትንሽ ነው።»

«ለቅሶ ቤት ሙዚቃ ልትከፍት ነው?» አለች አክስቱ።

«ተይው» አለች እናቱ።

ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ በሻሿ ላይ አደረገላት። የኮምፒውተሩን ቁልፍ ነካ። ለሌላው ሰው ምንም አልተሰማም። የእናቱ ትከሻ ግን ድንገት ከፍ አለ።

«ቀጥሎስ?» አለች፤ ጆሮዋ ስለተሸፈነ ጮክ ብላ ነው።

«ቀጥሎ የለም፣ እማዬ። ቆርጬዋለሁ።»

ከንፈሩን አየች እንጂ ቃሉን አልሰማችም ይሆናል። ልጁ እንድትቆጣው ጠበቀ፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ድገመው» አለች።

ደገመው። ዓይኗን ጨፈነች። በጣቷ አሁንም ድገመው አለችው። እሱ ይነካል፣ እሷ ትሰማለች። በየመሀሉ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። የጎደለውን ከራሷ እየሞላች እንደሆነ ገባው። አንድ ጊዜ ላይ ራሷን ረሳችና ድምፅዋ ወጣ፦

«...ግዲህ ተቀመጡበት!»

ሊሄዱ ብድግ ብለው የነበሩ ሽማግሌ ግራና ቀኛቸውን አይተው መልሰው ተቀመጡ። አክስትየዋ በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልታወቀም።

እናቱ ማዳመጫውን አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገችው። ልጇን ቀና ብላ አየችው፤ እግሩን፣ ያበጠ ዓይኑን። ከዚያ ጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ አንዴ መታ አደረገችው። ዱም። የአባቱን ያህል አልወፈረም።

ልጁ ኮምፒውተሩን እንዳቀፈ ተቀመጠ። ሞላው ሲጥ አለ።