ጠብታ የሌለው ፍሳሽ

ካርቶኑ ከተነጠፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ አሁንም ደረቅ ነው። መካኒኩ ከጭነት መኪናው ሥር ጎትቶ አወጣውና ወደ ጋራዡ በር፣ ወደ ብርሃኑ ይዞት ሄደ። አገላበጠው፣ አሸተተው። አንዲት የናፍታ ጠብታ የለችበትም። መኪናው ግን ዛሬም እንደ ትናንቱ አየር ስቦ አድሯል፤ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ።

«ምን ይላል ካርቶኑ?» አለች የወንድሙ ሚስት፣ አንገቷን ከጋቢናው አውጥታ። «ጽሑፍ አለው እንዴ?»

«ምንም አይልም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ታፈጥበታለህ? ጆሮ ነው ያሉህ እንጂ ዓይን አላሉህ!»

ጆሮ ያሉት በሥራው ነው። የረጅም ካቻቪቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ የታመመውን ክፍል ለይቶ ያወጣል። ይሄን መኪና ግን ዓመት ሙሉ ሊሰማው አልፈለገም። የታላቅ ወንድሙ መኪና ነበር። አምና አንድ ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋበት፤ ወርዶ ናፍታውን በእጅ ፓምፕ እየገፋ ሳለ እዚያው ተዘርሮ ተገኘ። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። ቀኝ መዳፉ በናፍታ ርሶ ነበር።

ከዚያ ጉዞ በፊት መኪናውን የፈታውም የገጠመውም ጆሮ ነው። ሰው ሁሉ «ልቡ ነው» ሲል የእሱ ሆድ ሌላ ነገር ያዘ፤ ለማንም አልተነፈሰም። ነገ ደግሞ በዚያው ዳገት መኪናውን የምትነዳው እትዬ ናት። መንጃ ፈቃዷን ካወጣች ገና ሁለት ወሯ ነው።

ፍሳሽ ሲባል ሰው የሚያስበው ወደ ውጭ የሚወጣውን ነው። ከታንከሩ እስከ መጋቢው ፓምፕ ያለው መስመር ግን ናፍታውን በመሳብ ነው የሚያመጣው፤ ስለዚህ ቀዳዳ ካለው አይንጠባጠብም፣ አየር ይጠጣል። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡን ለቄስ። ጆሮ ይሄን ጠንቅቆ ያውቃል። ሦስት ቀን ሙሉ ካርቶን ሲያነጥፍ የከረመው ለመፈለግ ሳይሆን ላለማግኘት ነበር።

«ምሳዬን ቀምሼ እመጣለሁ» አለች እትዬ። «ስመለስ ካርቶን ይዘህ እንዳላገኝህ።»

ብቻውን ቀረ። ቀትር ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ እየተንጣጣ ነው። ሳሙና በጥብጦ አረፋውን በብሩሽ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ቀባ። ከታንከሩ ጀመረ፤ ደህና። ማጣሪያው ዘንድ ደረሰ፤ ደህና። የመጋቢው ፓምፕ መግቢያ ላይ ያለውን ቡሎን የቀባው መጨረሻ ላይ ነው።

አረፋው ወደ ውስጥ ሰረገ።

ሞተሩ ጠፍቷል። የእጅ ፓምፑን ማንም አልነካውም። አረፋው ግን ተሳበ፣ ቆመ፣ ተሳበ፣ ቆመ። ናፍታው ወደ ታንከሩ ሲመለስ አየር ይስባል ብሎ ራሱን አጽናና። እንዲህ ከሆነ ግን በአንድ ልክ ይስብ ነበር እንጂ አያርፍም።

ካቻቪቴውን ደገነና ጆሮውን ሰጠ።

ፍስ። ፍስ። ፍስ። ከዚያ ዕረፍት። ደግሞ ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ።

ሦስት ገፍቶ አንድ ማረፍ የወንድሙ ልማድ ነበር። «ሰው እንጂ ማሽን አይደለሁም» ይል ነበር ሲያርፍ። ጆሮ የፓምፑን እጀታ ጨበጠው። ቀዝቃዛ ብረት መሆን ሲገባው፣ አሁን ሰው ለቆት የሄደ ይመስል ሞቋል።

ቡሎኑን ፈታው። ከሥሩ አየር እንዳያስገባ የሚደረገው የመዳብ ቀለበት፣ ዋሸሩ፣ መዳፉ ላይ ወደቀ። አሮጌ ዋሸር በእሳት አለስልሶ መልሶ መግጠም የጋራዥ ወግ ነው፤ ከመመለሱ በፊት ግን ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ያን ቀን አለስልሶታል፤ አላሸውም። ‹ለአንድ ጉዞ ምን ይሆናል› ብሎ። በገጹ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት አለች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

አዲስ ዋሸር ገጠመ፤ አጠበቀ፤ አየሩን አስወጣ። አረፋውን እንደገና ቀባው፤ ንቅንቅ አላለም። አሮጌውን ዋሸር ቁርጥራጭ ብረት ከሚጥልበት ጣሳ ውስጥ ቢወረውረው ማን ያውቃል? ክንዱን አነሳ። ከመወርወሩ በፊት ግን ካቻቪቴውን አንድ ጊዜ ብቻ ጆሮው ላይ አደረገ።

ፍስ። ፍስ። ፍስ። ዕረፍት።

መስመሩ ተዘግቷል። ድምፁ አልተዘጋም።

እትዬ ስትመለስ ካቻቪቴውን ከጆሮው ሳይነቅል ቆሞ አገኘችው። ዋሸሩን ዘረጋላት።

«ይሄ ነው» አለ። «እኔ ነኝ። አላሸሁትም፣ እትዬ። ወንድምጋሼ ዳገቱ ላይ የቆመው በዚህ ነው።»

ዋሸሩን ተቀብላ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ጭረቷ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ደውሎልኝ ነበር» አለች። «እያለከለከ። ‹መግቢያው ላይ አየር ይስባል፣ ዋሸሩ ነው› አለኝ። ‹ለታናሽህ ልንገረው?› ስለው፣ ‹ተዪው፣ ራሱ ያግኘው› አለ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ፓምፑን ብቻ ነው።»

«ዓመቱን ሙሉ ታውቂ ነበር?»

«ዓመቱን ሙሉ ጠብቄሃለሁ። ዛሬም ካርቶን ይዘህ ባገኝህ ኖሮ መኪናውን አስጎትቼ ሌላ ጋራዥ እወስደው ነበር፤ ዓይንህንም ዳግመኛ አላይም ነበር።» ዋሸሩን ኪሷ ከተተችው። «ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። እሱ ገና ነው።»

ካቻቪቴው አሁንም ጆሮው ላይ ነበር።

ፍስ። ፍስ። ፍስ።

ዕረፍት። ጆሮ ቀጣዩን ጠበቀ። እትዬ ወደ ጋቢናው ወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ መስታወቱን አስተካከለች። ዕረፍቱ አላለቀም። የፓምፑን እጀታ ዳሰሰው፤ ቀዝቅዟል።

«ላስነሳው?» አለች ከላይ።

«አስነሺው» አላት፤ ሞተሩም በአንድ ቁልፍ ተነሳ።