ዘይት የጠጣ ፍሬን

1

ጎማውን ከመፍታትህ በፊት ሌላው ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ።

አላደረግክም። አውቃለሁ። መኪናው ሜዳ ላይ ነው የቆመው፣ ማርሽ ገብቷል፣ የት ይሄዳል ብለሃል። ተነስና ድንጋይ ፈልግ። እጠብቅሃለሁ።

.

.

.

አሁን እንቀጥል።

2

አንቱ አልልህም። መኪና ሥር በጀርባው የተኛ ሰው አንቱ አይባልም።

ስንዱ እባላለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ይህ ጽሑፍ ሲጀመር ሱቄ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ነበር፤ ርዕሱም «የፍሬን ዝገት እንዴት ይጸዳል» ይላል። ክረምት ሲወጣ ደንበኛው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ከምለፈልፍ አንዴ ጽፌ ልገላገል አልኩ። አንድ ገጽ ይበቃል ብዬ ነበር። ጥቂት መስመር እንደጻፍኩ ግን እናቴ ገባችበትና ማስታወቂያነቱ ቀረ።

የቤተሰብ ወሬ የማይወድ አንባቢ ወደ ቁጥር 5 ይለፍ። እዚያ የሚያገኘው ዝገት ብቻ ነው። ቢሆንም ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

3

አባቴ ጋሽ ደግፌ ሐረር ውስጥ ታክሲ ነጂ ነበር። መኪናው ፔጆ 404 ነው። ከፔጆው በፊት የነበረችው መኪናው ወለሏ በዝገት ተበልቶ፣ የአንዲት ተሳፋሪ ነጠላ ጫማ በቀዳዳው ወርዶ ጀጎል በር ላይ ቀርቷል። ሴትዮዋ አባቴን መንገድ ላይ ባየችው ቁጥር እግሯን ከፍ አድርጋ ታሳየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝገትን እንደ ደመኛ ያየው ጀመር። ክረምት ሊገባ ሲል ከፔጆው ሥር ይተኛና የመኪናውን ሆድ በሙሉ በተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል።

ከመቀባቱ በፊት ጎማዎቹን ከነፍሬናቸው በፌስታል ይጠቀልላል። ፌስታሉን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ይህችን ነገር ያዝልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ፔጆው ግቢያችን ውስጥ ጊሽጣው ሥር ቆሟል። እናቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አትሸጠውም፣ አታስነዳውም። ወንድሜ መኩሪያ ለጥየቃ ሲመጣ ሞተሩን እንዲያስነሳ ብቻ ተፈቅዶለታል፤ ከቦታው ግን ንቅንቅ የለም። «ብሩክታዊትን ይዞ ይወጣል» ትላለች። ብሩክታዊት የመጨረሻዋ እህታችን ናት። አባቴ ሳይድራት ስለሞተ መኪናው ይድራታል፤ እማዬ ነገሩን የምታየው እንዲህ ነው።

ሰርጉ እሑድ ነው። ሙሽራው የድሬዳዋ ልጅ ነው።

በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ደግሞ ደንገጎ አለ።

4

ደንገጎን ለማያውቅ፦ ቁልቁለት ነው። ከላይ ጋቢ ያስፈልግሃል፣ ታች ስትደርስ ሸሚዝህን ትከፍታለህ። በመካከሉ መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ገና ቀና አለ ስትል መልሶ ይጠመዘዛል፤ በአንድ ጎንህ ተራራ፣ በሌላው አየር ነው። ጭነት መኪናዎቹ በከባድ ማርሽ እያቃሰቱ ሲወርዱ የፍሬናቸው ሽታ ከፊታቸው ይደርሳል።

በዚህ መንገድ ላይ እህቴ በቬሎ፣ እናቴ ከጎኗ፣ መኩሪያ ደግሞ መሪ ይዞ በአባቴ ፔጆ ይወርዳሉ። እኔ ከኋላ በሌላ መኪና እከተላለሁ። የሰርጉ ፕሮግራም እንዲህ ነው የወጣው።

5

ዝገት

እንደ ድስት የተደፋው ብረት ታምቡር ይባላል። ውስጡ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች አሉ፣ ፊታቸው ላይ ሸራ ተለጥፏል። ፔዳሉን ስትረግጥ ሸራው ታምቡሩን ከውስጥ ይይዘዋል። መኪናህ የሚቆመው በዚህ ነው። ሌላ ተአምር የለውም።

ታምቡሩን ከፍተህ እንደ በርበሬ ዱቄት የረገፈ ዝገት ብታይ አትደንግጥ። እርጥበት ያመጣው ነው። ላዩን ብቻ የያዘው ዝገት ጥቂት ጊዜ ፍሬን ስትይዝ በራሱ ይጠረጋል። የከረመው ዝገት በብረት ብሩሽ ይነሳል፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። እንደ ቅርፊት የሚነሳና ብረቱን የበላ ከሆነ ግን አትልፋ፤ ታምቡሩን ለውጠው። አቧራውን በአፍህ እፍ አትበል፣ ሳንባህ አንድ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ለደንበኞቼ ሁሌ የምለው አንድ ነገር አለ። ሞተር የሚለፋው እንዳይፋጭ ነው፤ ዘይት የሚጠጣውም ለዚሁ ነው። ፍሬን ግን ካልተፋጨ ፍሬን አይደለም። ስለዚህ ትንሽ የዛገ ፍሬን አያስፈራኝም። እንዲያውም ዝገቱ ሸራው መድረቁን ይነግረኛል።

6

በሰርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔና መኩሪያ ሐረር ግቢያችን ውስጥ ዝገት ልንፋቅ ታጥቀን ተነሳን። ይህን ሁሉ ዘመን የቆመ መኪና ታምቡሩ ከሸራው ጋር ተጣብቆ ይታገለናል ብለን መዶሻ ሁሉ አዘጋጅተናል። ድንጋይ አደረግን። ጎማውን ፈታን። መኩሪያ ታምቡሩን ገና ሳብ ሲያደርገው እጁ ላይ ዱብ አለ።

ውስጡን አየን።

ምንም።

የዝገት ዘር የለበትም። ታምቡሩ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። መኩሪያ ደስ ብሎት ሳቀ፤ አባዬ ከመቃብር ሆኖ ይጠብቀዋል አለ። እኔ ጣቴን አስገብቼ አወጣሁና አሸተትኩት። ከዚያ ሸራውን ጫን አልኩት። እንደ ራሰ እንጀራ ዘይቱን አወጣ።

ሌሎቹንም ጎማዎች ከፈትን። ሁሉም ያው ነው።

7

(ይህን ቁጥር ለመኩሪያ ትቼለታለሁ። የእሱ ሐሳብ በቤንዚን ጠርጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጎ መልሶ መግጠም ነበር። እስከ ከሰዓት ያልቃል፣ ማታ ለመኪናው አበባ እናስራለን አለ። ትክክል ነበርኩ ካለ እዚህ ይጻፍ። እስካሁን አልጻፈም።)

8

*እማዬ የፍሬኑን መከፈት ሰምታ ከሰርጉ ድንኳን መጣች። እጇ ላይ የሽንኩርት ሽታ አለ። የተባለውን እንዳለ አስቀምጣለሁ።*

እኔ፦ እማዬ፣ እዚህ ውስጥ ዘይት የጨመረው ማነው?

እማዬ፦ ማን ይጨምራል? እኔ ነኛ።

እኔ፦ በየት በኩል?

እማዬ፦ በዚህች ከጎማው ብረት ላይ ባለችው ቀዳዳ። አባትሽ ከሥር ተኝቶ ይቀባው የለ? እኔ ወገቤ መተኛት አይሆንልኝም። ከሥር ስላልደረስኩለት በዚህ በኩል አጠጣሁት።

መኩሪያ፦ በየክረምቱ?

እማዬ፦ ምን በየክረምቱ! ቅዳሜ ቅዳሜ ነው እንጂ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ። ዛሬም ጠዋት ሰጥቼዋለሁ፣ እናንተ ሳትነሱ።

እኔ፦ (ጣቴን በጨርቅ ጠረግሁ።)

እማዬ፦ ብረት ዘይት ከጠገበ አይዝግም፤ አባትሽ እንዲህ ነበር የሚለው። ዝጎ አገኛችሁት እንዴ?

እኔ፦ አልዛገም።

እማዬ፦ አላልኩም!

*እየሳቀች ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ከአባቴ ሞት በኋላ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።*

9

ፌስታሏን አስታወስካት?

እማዬ ዘይቱን አይታለች። ከሰባ ዓመት ሰው ከሚጠበቀው በላይ በጥንቃቄ አይታለች፣ ቃሉን ሳይቀር ይዛለች። ዘይት ፍሬኑን እንዳይነካ የሚጠቀለለውን ፌስታል ግን አላየችም፤ አባቴ ሲጠቀልል እሷ ምሳ እየሠራች ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ማን ንኪ አላት ብዬ በሆዴ ተነጫነጭኩ። ከዚያ ንዴቱ ወደ እኛ ዞረ። አባዬ ከሞተ በኋላ እኔና መኩሪያ እማዬን እንዳትደክም ብለን ከሁሉ ነገር ከልክለናታል። ገበያ አትሂጂ፣ ሠራተኛ አለች። ጀሪካን አታንሺ፣ ወገብሽን። ቁጭ በይ፣ እረፊ። የከለከልናት ሁሉ በፍቅር ነው። ማንም ያልከለከላት ሥራ ይህ ብቻ ነበር፣ እሱንም ስላላወቅን ነው። አሁን እሱም ስህተት ነበር ሊባል ነው።

አዘንኩ። 

10

ዘይት

ሸራ ዘይት አንዴ ከጠጣ አለቀለት። ላዩን በቤንዚን ብታጥበው ይደርቃል፣ ደግ ይመስላል። ቆሞ ሳለ ያታልልሃል። ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ግን የጠጣውን እንደ ላብ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ብትረግጠው የማይሰማ ፔዳል ነው የምትረግጠው።

ለመኩሪያ ይህንኑ ነገርኩት። አልሰማኝም፤ የአባቱ መኪና ነው፣ እሱም ሹፌር ነው፣ ከሱቅ የመጣች እህቱ ፍሬን ልታስተምረው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኩት። ጠርጎ፣ ፍቆ፣ ገጠመ። እኔም ተውኩት፤ ደንገጎ ላይ ከሚያምነኝ በራችን ላይ ይመነኝ ብዬ ነው። ሰዉን ሁሉ ከመንገድ አስነሳሁ። በሩ አጠገብ ጎረቤታችን ለግንብ ያስደፋው የአሸዋ ክምር አለ፤ አይኔን እሱ ላይ አደረግሁ።

መኩሪያ ከጊሽጣው ሥር እስከ በሩ ባለችው ትንሽ ቁልቁለት ላይ ፔጆውን ለቀቀው። ጥቂት እንደወረደ ረገጠ፤ ያዘለት። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ደጋግሞ ረገጠ፣ ያዘለት። ወደ ኋላ መለሰውና እንደገና ለቀቀው። ይህን አራት አምስት ጊዜ አደረገው፣ እያፏጨ። ፍሬኑ እየሞቀ መሆኑን አላሰበም።

በመጨረሻው ረገጠ።

ረገጠ።

ረገጠ።

ፔጆው ምንም ሳይቸኩል፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣ ሄዶ አሸዋው ውስጥ ገባ።

ማንም አልተጎዳም። የፊቱ ብረት ትንሽ ተጭሯል። መኩሪያ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር፣ ከዚያ የኋላውን ወንበር አየ፤ ነገ ማን እንደሚቀመጥበት እያሰበ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል። በመስኮቱ ጠጋ ስል «እታለም፣ ሸራውን አምጪ» አለኝ በቀስታ። ሸራው ድሬዳዋ ሱቄ መደርደሪያ ላይ አለ። በሌላ መኪና ሄደን እስከ ማታ ልንገጥመው እንችላለን።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የመኪናው ነገር አያሳስብህ። መኪናው ይድናል።

11

ያላለቀው ይህ ነው።

ሸራውን ለውጬ ዝም ልበል? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ነገር ግን እማዬን አውቃታለሁ፤ ነገ ጠዋት ሙሽሪት ሳትወጣ፣ ለረጅሙ መንገድ ብላ፣ ከወትሮው አብዝታ ታጠጣዋለች። አዲሱንም ሸራ። በሥራ ብዛት ቢያመልጣት እንኳ ከሰርጉ በኋላ ቅዳሜ አለ።

ዘይት የምታጠጣበትን ጣሳ ልደብቅ? ሌላ ጣሳ አይጠፋም።

መኩሪያ ይንገራት? መኩሪያ መኪናውን ከአሸዋ እያወጣ ነው። ቀና ብሎም አያየኝም።

ልንገራት? ይህን ሁሉ ቅዳሜ ለባሏ መኪና ስትደክም የኖረችን ሴት፣ ልጅሽን የምታወርጂበትን ፍሬን የገደልሽው አንቺ ነሽ ልበላት? በሰርጉ ዋዜማ? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ አይደል?

ካልነገርኳት ደግሞ ደንገጎ አለ።

12

ማስታወቂያው ሱቄ ላይ ሲለጠፍ ከታች ክፍት ቦታ ይኖረዋል። እስክሪብቶ በክር አስሬ አንጠለጥላለሁ። ከደንበኞቼ መካከል እናት የሌለው የለም፤ የሚያውቅ ይጻፍበት።

ከመጻፍህ በፊት ግን ድንጋይ አድርግ።

13

እማዬ ፔጆው አሸዋ ውስጥ ሲገባ ከድንኳኑ በር ሆና አይታለች። አልጮኸችም። ወደ ቤት ገባችና ጣሳዋን ይዛ ወጣች፤ ለማፍሰሻ እንዲመች አፉ ተጨምቆ የቀጠነ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፣ ዙሪያውን በጨርቅ አጽድታዋለች። መኩሪያን አልፋ፣ መኪናውን አልፋ፣ እኔ ጋ መጣች። ፊቷ የጥፋተኛ ፊት ነው። ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ሰው እንዳይሰማ።

እማዬ፦ ስንዱዬ፣ ዘይቱ አንሶት ይሆን እንዴ?

እኔ፦