የለመደ እጅ

የእናቷ መታመም የተነገራት የሰው እናት እያጠበች ሳለ ነው። እጇ በሳሙና ተለውሶ ስለነበረ መጀመሪያ ስልኩን አላነሳችውም። ደግሞ ሲጮህ በደሞዝ የምታስታምማቸው፣ አልጋው ላይ የተኙት ጡረተኛ ርዕሰ መምህርት፣ «አንሺው እንጂ ልጄ፤ እንዲህ የሚደጋግም ሰው የቸገረው ነው» አሏት። አነሳችው። ታናሽ እህቷ ነበረች። ቤተሰቡ ሁሉ ሚጢ ነው የሚላት፤ ቁመቷ ከታላቋ ካለፈ ወዲህ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም።

«እትዬ፣ እማዬ ወደቀች» አለች። ከዚያ በኋላ የተሰማው ለቅሶ ብቻ ነበር።

እናትየው ተረፈች። ከሐኪም ቤት ስትወጣ ግን ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ ብለው ቀሩ፤ አንደበቷም ተጎተተ። አስታማሚዋ ሄዳ አይታት፣ አልቅሳ ተመለሰች። እዚያው መቅረት አልቻለችም። የእናቷ መድኃኒት የሚገዛው በእሷ ደሞዝ ነው። ርዕሰ መምህርቷም ቢሆኑ ከእሷ ሌላ ሰው የላቸውም፤ አንድያ ልጃቸው መርከበኛ ነው፣ ከየብስ ይልቅ ባሕር ላይ የሚውል። ስለዚህ እናትየውን የማስታመሙ ነገር በሚጢ ላይ ወደቀ። ሚጢ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ከሱቅ አንስታ እናቷ አልጋ አጠገብ ተከለችና አንድ ዓይኗን ክሩ ላይ፣ አንድ ዓይኗን እናቷ ላይ አድርጋ መስፋት ጀመረች።

አንድ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ጥሪ፣ «እትዬ፣ ዳሌዋ ላይ ቀላ ያለ ነገር ወጥቷል» አለቻት።

«ታገላብጫታለሽ?»

«እፈራለሁ። ብትሰበርብኝስ?»

«ሰው ብርጭቆ ነው እንዴ?»

«ለአንቺማ ቀላል ነው፣ ተምረሽዋል። እኔ የተማርኩት ቀሚስ ማሳጠር ነው።»

አስታማሚዋ ትዕግሥቷ አለቀ። «ጉልበቷን እጠፊ! ትራሱን ከኋላ! አይ፣ እንደሱ አይደለም!» እያለች ስትጮህ ሚጢ ማልቀስ ጀመረች። ይኼኔ ርዕሰ መምህርቷ ከአልጋቸው ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ ድምፅ ስንት ክፍል ሙሉ ልጅ ፀጥ ብሎላቸዋል፤ እሷም ፀጥ አለች።

«ተማሪ ላይ አይጮህም» አሉ። «የፈራ ልጅ ጆሮው ይደፈናል። ስልኩን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፊና በእኔ ላይ አሳዪያት።»

«በእርስዎ ላይ? ኧረ እማማ!»

«ምን አለበት? ዕድሜ ልኬን ጠመኔ ይዤ ኖሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ እኔው ሰሌዳ ልሁን።»

ትምህርቱ እንዲህ ተጀመረ። አስታማሚዋ ርዕሰ መምህርቷን እያገላበጠች ረጋ ብላ ትናገራለች። «አንድ እጅሽ ትከሻዋ ላይ፣ አንድ እጅሽ ዳሌዋ ላይ። ወደ ራስሽ ሳቢያት እንጂ አትግፊያት። ወገብሽን አታጉብጪ፤ አንቺም ከወደቅሽ ሁለት በሽተኛ ሊኖረን ነው።» ሚጢ በወዲያኛው በኩል ያየችውን ትሞክራለች። ርዕሰ መምህርቷም አልፎ አልፎ፣ «ጎበዝ! አሁን ገባት» እያሉ ከትራሳቸው ላይ ያርማሉ።

ስልኩ እናቷን በቁራጭ በቁራጭ ነበር የሚያሳያት። አንድ ቀን ክርን፣ አንድ ቀን ተረከዝ፣ አንድ ቀን የሸበተ ማጅራት። ማጅራቱን ባየች ቀን ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። ልጅ ሳለች በእናቷ ጀርባ ታዝላ አፍንጫዋን የምትቀብረው እዚያ ነበር። የርዕሰ መምህርቷን ጀርባ ቅባት ስትቀባ ዓይኗን ትጨፍንና የእናቷ ነው ብላ ለማሰብ ትሞክራለች። አይሆንላትም፤ እጇ የማንን ጀርባ እንደነካ ያውቃል።

ሚጢ እያደር ሠለጠነች። የእናቷ ዳሌ ላይ የወጣው ቅላት ጠፋ። ከታላቋ ያልተማረችውንም ከራሷ ጨመረችበት። እናቷን ልታዞር ስትል፣ «እመቤቴ፣ ባቡሩ ሊነሳ ነው፤ ሻንጣዎን ይያዙ!» ትላለች። እናትየው ትንተከተካለች። አስታማሚዋ ያንን ሳቅ መጀመሪያ የሰማች ዕለት አብራ ሳቀች፤ ስልኩን ስትዘጋ ግን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ አለቀሰች። ሳቁ የቤቷ ሳቅ ነው፤ እሷ ግን የለችበትም።

መርከበኛው ለእረፍት በመጣ ጊዜ ርዕሰ መምህርቷ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «እሷ እናቷ ዘንድ ትሂድ፤ አንተ እኔን ትይዛለህ» አሉት። አስታማሚዋ ከመሄዷ በፊት አሠራሩን አሳየችው። ልጁ እናቱን ለማንሳት እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

«እዩልኝ! ማዕበል ያልፈራ ሰው እኔን ፈራኝ» አሉ እናቱ።

እሷ አውቶቡስ ውስጥ ስትንገላታ ውላ ማምሻውን ደረሰች። እናቷ የምትታዘዛትን ግራ እጇን አንስታ ፊቷን ዳበሰቻትና፣ «ከስተሻል» አለቻት። ሌላ ቃል አልወጣትም። ልጅቷም ያንን እጅ ሳመችው።

ጠዋት እጅጌዋን ጠቀለለችና፣ «ሚጢ፣ ዛሬ አንቺ ቁጭ በይ» አለች። ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ውኃውን አሞቀች፣ ፎጣውን ዘረጋች፣ እናቷን ለማዞር ጎንበስ አለች። እጇ ግን ሳታዘው በለመደበት ሄደ። የርዕሰ መምህርቷ የታመመ ጎናቸው ግራው ነው፤ የእናቷ ደግሞ ቀኙ። ደህናው መስሏት የታመመውን ክንድ ሳበችው።

«እህ!» አለች እናቷ። በግራ እጇ የአንሶላውን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች። «ሚጢን… ጥሪልኝ።»

ሚጢ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ እንደያዘች ሮጣ ገባች። ከአፏ አውጥታ እናቷን ያዝ ስታደርጋት የእናትየው ፊት ወዲያው ተፈታ። አስታማሚዋ ፎጣውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

ሚጢ ከቆይታ በኋላ ተከተለቻት። «እትዬ፣ አትቀየሚያት።»

«እሷን አይደለም የተቀየምኩት። የሰው እናት ጎን ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። የእናቴን ግን ሳትኩት።»

«አንቺ እኮ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«እንግዲያው አሁን አንቺ አስተምሪኝ።»

«እኔ? አንቺን? ሙች በይኝ!» ሚጢ ሳቋ አመለጣት።

«ሙች። አትጩሂብኝ ብቻ።»

ተያይዘው ገቡ። ሚጢ ከኋላዋ ቆማ እጆቿን በእህቷ እጆች ላይ አድርጋ መራቻት። ከመንካትሽ በፊት ንገሪያት፤ መዳፍሽን አሙቂ፤ ከክንዷ ሥር ጨርቅ አጥፈሽ አስገቢ። ጠዋት ተማሪዎች በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ ማየት ስለምትወድ አልፈው ሳያልቁ አታዙሪያት። ይህ የትም ሥልጠና ላይ የማይሰጥ ትምህርት ነበር። አስታማሚዋ እንደ ጀማሪ ተሳሳተች፣ ታረመች፣ ደገመች። በዚያው ሰሞን ባሏ የአልጋ ቁራኛ የሆነባት ጎረቤት ሚጢን ምክር ልትጠይቅ መጣች፤ ሚጢም ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ «መጀመሪያ ወገብሽን አታጉብጪ» ብላ ስትጀምር ታላቋ በስተጀርባ ሆና ሳቋን ዋጠች።

በመጨረሻው ቀን ሚጢ ልብስ ልታደርስ ወጣ ብላ ነበር። አስታማሚዋ ብቻዋን እናቷን አጠበች፤ ነገረቻት፣ መዳፏን አሞቀች፣ በደህናው በኩል ያዘቻት፣ ቀስ ብላ አዞረቻት። እናትየው አልጮኸችም። እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት፣ «ሚጢ» አለች።

አስታማሚዋ እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። ተወችው።

«አቤት እማዬ።»

«ዛሬ እጅሽ… ዘገየ። አሞሻል?»

«ደህና ነኝ እማዬ። ተኚ።»

በማግስቱ ተመለሰች። ርዕሰ መምህርቷ ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው ነበር፤ መርከበኛው ሾርባ እያበላቸው፣ ግማሹን አገጫቸው ላይ እያፈሰሰ። ሳህኑን ተቀብላ በቦታው ስትቀመጥ እሳቸው ፊቷን ሲያጠኑ ቆዩ።

«አገኘሻት?»

«አገኘኋት፣ እማማ።»

«ታዲያ ምነው?»

«ሳልሄድ በፊት ናፍቆቴ እንዲያው በደፈናው ነበር። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ነው። አሁን መስኮት መስኮቱን ታያለች፣ አሁን ትዞራለች፣ አሁን ሚጢ ታስቃታለች እያልኩ…»

ርዕሰ መምህርቷ በሩን አዩ። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ሻንጣውን እያሰረ ነበር፤ መርከቡ አይጠብቀውም። ደህናዋን እጃቸውን ዘርግተው የአስታማሚዋን ጉልበት ያዙ።

«ነገ እሱም ይሄዳል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከነገ ጀምሮ አብረን እንናፍቃለን።»

እሷም አገጫቸውን ጠርጋ ቀጣዩን ማንኪያ አጎረሰቻቸው።