የሙረን ቁራሽ ዳቦ

ፊያክራ እንደሚለው፣ ሙረን ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በደብሩ አዳራሽ ወጥ ቤት ቆማ፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ ቅቤ ቀብታ፣ ዓይኗን ጨፍና በላች። ሙረን እንደምትለው ደግሞ በዚያ ሰዓት ተኝታ ነበር፤ ዳቦውን የበላችው በሕልሟ ነው።

የባሕር ጠረፍ ደብራችን ወጣቶች በየዓመቱ ለማላዊ ተማሪዎች ምሳ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ከዓርብ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቅዳሜ ምሽት አሥራ ሁለት ይጾማሉ። የሚፈቀደው ውኃና ከረሜላ ብቻ ነው። ጎረቤት ገንዘብ ለመስጠት ቃል የገባበት ወረቀት ላይ፣ መጨረሻ ላይ ጿሚው «ሳልገድፍ ጨርሻለሁ» ብሎ ይፈርማል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቼ ጠባቂያቸው ነበርኩ።

ያን ቀን ጭጋጉ ከባሕሩ ወጥቶ መስኮቶቹን ሸፍኗል። ልጆቹ ማዕበል እንደተፋቸው ጀልባዎች ወለሉ ላይ ተጋድመው፣ ቃላቸውን እየጎተቱ ያወራሉ።

«በሕልም በልቶ የጠገበ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው ሙረን።

«አንቺን አየሁ። ተመልሰሽ ስትተኚማ ፈገግ ብለሽ ነበር።»

«አንተ ወሬኛ! ራስህ በረሃብ ስትቃዥ ይሆናል።»

ወጥ ቤት ገብቼ አየሁ። ለማታ ከተቀመጠው ዳቦ አንድ ቁራሽ ጎድሏል። ሾርባ የሚሠሩልንን ወይዘሮ ብሪጅን ጠየቅኳቸው።

«እኔ ቆርጬ ይሆናል፤ ስሠራ እቀምሳለሁ። ማን ያስታውሳል፣ ልጄ?»

ስመለስ ሙረን ተቀምጣ ወረቀቷን ታያለች። ገንዘብ ቃል ከገቡላት ስሞች መሃል ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ፓደር አለ፤ ለማንም ሰጥቶ የማያውቅ ሰው። «ቃልሽን አምናለሁ» ብሎ ነበር የፈረመላት።

«ጠረጴዛው ባሕሩ ላይ ተንሳፍፎ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሞገዱ ከፍ ዝቅ ያደርገኛል። ግን ከንፈሬ ላይ አሁንም የቅቤው ጨው አለ።»

ፊያክራ የራሱን ከንፈር ላሰ። «የኔም ጨው ጨው ይላል። ጭጋጉ ነው መሰለኝ። እኔም እንቅልፍ ይዞኝ ነበር፤ ሌላ ሰው አይቼ ይሆናል። ፈርሚ በቃ» አላት።

እኔም ማንም እንደማይጠይቃት ነገርኳት። እውነቱን የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ጭምር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደወሉ ተደወለ፤ ሾርባው ቀረበ። ሁሉም እየፈረመ ማንኪያ አነሣ። ሙረን ሳህኗን ወደ ፊያክራ ገፋችና ተነሣች።

«የኔን ብላልኝ» አለችው። ቀጥላም ለአዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ፣ «እኔ ዛሬ አልፈርምም። ከአሁን ጀምሬ እስከ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት እንደገና እጾማለሁ፤ የሚጠብቀኝም ፓደር ይሆናል» አለች።