ቶርኖው በር ላይ የቆመ ዕለት

የጌታሁን የተባለው ሃምሳ አለቃ ጡረታ በወጣ በስምንተኛው ወር፣ ሚስቱ ሶሲና አንድ ጠዋት ፊቱ ቆማ፣ «ወይ አንተ ከዚህ ቤት ትውላለህ፣ ወይ እኔ እውላለሁ፤ ሁለታችን ግን አንችልም» አለችው። ተቆጥታ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት በመድፈኛነት የኖረው ሰውዬ ሥራ ሲፈታ ድስቶቿን በቁመት ቅደም ተከተል እያሰለፈ፣ ክዳን ሲጎድል ምርመራ እየጀመረ አስቸግሯት ነው። እሱም ነገሩ ገባው። በዚያው ሳምንት እዚያው ጅግጅጋ ውስጥ የቀድሞ ወታደሮችን የብረታ ብረት ሥራ የሚያስተምር ማዕከል መከፈቱን ሰማና ሄዶ ተመዘገበ።

የመጀመሪያው ቀን ግን አልጣመውም። መምህር ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ የመጣችው ሀምዲያ የምትባል የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ሰማያዊ ቱታዋን ከሻሿ ጋር አስማምታ ለብሳ፣ ካሊፐር የሚባለውን የብረት መለኪያ ኪሷ ውስጥ ሰክታ ገባች። በዕድሜ የገፉትን ተማሪዎች ሁሉ «አዴር» እያለች ነበር የምትጠራው፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። የጌታሁን፣ «ሃምሳ አለቃ» መባል የለመደ ጆሮው ለጥቂት ቀን ቅር አለው። ከዚያ ግን ለራሱ አንድ ነገር ማለ፦ እዚህ ግቢ ውስጥ ማዕረጉንም የጦር ሜዳ ወሬውንም አያነሳም። ዐሥራ ዘጠኙም ተማሪዎች ወታደር የነበሩ ናቸው፤ ሁሉም የየራሱን ጀብዱ ልናገር ካለ ብረት መሞረድ የሚማር አይኖርም።

ሦስት ወር ሙሉ ሞረዱ። ማዕከሉ የነበረው ሁለት የብየዳ ማሽን፣ አንድ መሰርሰሪያ ትራፓኖ፣ ጥቂት መቁረጫ ግራይንደርና ስድስት የብረት መያዣ ሞርሳ ብቻ ነው። ሀምዲያ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ማሽን እያሰበች «ቶርኖ ሲመጣ» ብላ የማትጀምረው ትምህርት አልነበረም። ቶርኖ ሲመጣ ዘንግ እንቀርጻለን፤ ቶርኖ ሲመጣ የብሎን ጥርስ እናወጣለን። ከተማሪዎቹ ሁሉ አፉ የማያርፈው ጉሃድ፣ «ይሄ ቶርኖ የሚሉት እንደ ሙሽራ ሽማግሌ ይላክበት እንዴ?» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ቶርኖው በሚያዝያ ወር በአንዱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጣ። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ፣ አይሻ ላይ ጭነት ሲቀያየር ሰንብቶ፣ ባሬ የሚባል ሹፌር በአይሱዙ ጭኖት ግቢው ውስጥ ገተረው። ሁለት ቶን የሚመዝን አረንጓዴ ብረት ነው፤ የተጠቀለለበት ላስቲክ መንገድ ላይ ተቀዶ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ሁሉም ሥራውን ጥሎ ወጣ። ያወርደዋል የተባለው ክሬን ግን ቶጎ ውጫሌ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል፤ ቶሎ ቢባል ለሐሙስ ነው። ባሬ ደግሞ እስከ ሐሙስ የሚቆምበት ምክንያት አልታየውም። የካራማራ ተራራ አናት ጠቁሮ፣ ዝናቡ ወደ ከተማው እየተንደረደረ ነው።

«ዝናብ ከነካው የማሽኑ አካል የሚንሸራተትበት ሐዲድ ይዝጋል» አለች ሀምዲያ። «አሁኑኑ ወርክሾፑ ውስጥ መግባት አለበት።»

ያኔ ሁሉም አዛዥ ሆነ። አንዱ በገመድ እንሳበው አለ። ሌላው በአጣና እንደግፈው አለ። ሌላው ደግሞ ለሁለቱም ዕድል ሳይሰጥ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁጠር ጀመረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ሃምሳውም ሰው አለቃ ከሆነ ግን ሎሚው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የጌታሁን እጁን ኪሱ ከቶ መኪናውን፣ የወርክሾፑን ወለል፣ እንደገና መኪናውን ያያል። ወለሉ ጎርፍ እንዳይገባበት ተብሎ ሦስት ደረጃ ያህል ከፍ ብሎ የተሠራ ነው።

ሀምዲያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ከዚህ የከበደ ነገር በእጁ አንቀሳቅሶ የሚያውቅ አለ?» ብላ ጠየቀች።

የጌታሁን መሐላው ትዝ አለው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «መድፍ» አለ። «በጭቃ፣ አቀበት ላይ።»

«እንዴት?»

«ዕቃውን ወደ ወለሉ ከማውረድ መኪናውን ማውረድ ይቀላል። ለኋላ ጎማዎቹ ሁለት ጉድጓድ እንቆፍር። መኪናው ወደ ኋላ ሲገባበት ጀርባው ከወለሉ ጋር ይስተካከላል። መሐሉን በወፍራም ላሜራ እናገናኘውና ቶርኖውን በቱቦ ላይ እናንከባልለዋለን።»

ባሬ ከጋቢናው አንገቱን አወጣ። «ከዚያስ መኪናዬ እንዴት ይወጣል?»

«እንገፋዋለን» አለ ጉሃድ። «ዐሥራ ዘጠኝ ጡረተኛ አለህ፤ ምን ትፈልጋለህ?»

ዲጅኖና አካፋ ወጣ። ወታደር መቆፈር አይረሳም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱ ጉድጓዶች ተዘጋጁ። መኪናው እያቃሰተ ወደ ኋላ ገባና ጀርባው ከወለሉ ጋር ግጥም አለ። ሰዎቹ ማጨብጨብ እንደጀመሩ ሀምዲያ በሜትር የበሩን ስፋት ለካች። ለቶርኖው በአራት ጣት ጠባብ ነው።

ይህ በር ባለፈው ወር እንግዶች መርቀው ሪባን የቆረጡበት፣ ቀለሙ እንኳ በቅጡ ያልደረቀ በር ነው። ሁሉም ወደ ሀምዲያ ዞረ። እሷ ግራይንደሩን አንስታ መነጽሯን አደረገች። «ቆርጠን መልሰን መበየድ ካልቻልን ሦስት ወር ምን ስንማር ከረምን?» አለችና የመቃኑን ብረት ከጎን መቁረጥ ጀመረች። ፍንጣሪው እንደ ርችት ተበተነ።

በሩ ሲሰፋ ሥራውን የጌታሁን ተረከበ። ድምፁ ሳያስበው የድሮው ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ቱቦ ወደ ፊት! በግራ ያላችሁ ያዙ! አንቺ ልጅ፣ ከዚያ ዞር በይ!» ልጅ የተባለችው መምህርቷ ናት። እሷም ዞር አለች። ቶርኖው ሦስት ክንድ ያህል ተንከባለለና አንዱን ጎኑን ላሜራው ያዘው። የጌታሁንም ገመድ አንስቶ በቶርኖው ፊት ለፊት በኩል በተዘረጋው ረጅምና ባለ ጥርስ ዘንግ ላይ አሰረ። የገመዱን ጫፍ ለስድስት ሰው ሰጠና ሊያዝ አፉን ከፈተ።

«ቁሙ!» አለች ሀምዲያ።

ስድስቱም ቆሙ። የጌታሁን ዘወር ብሎ አያት። ፊቱ ጋለ። እሷ ገና ልጅ ሳለች ጀምሮ ነው ከባድ ነገር ሲስብ የኖረው፤ አሁን ይህን ያህል ሰው ፊት፣ ሥራው መሐል ታስቆመው! የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለች።

ሀምዲያ ቀረብ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አዴር፣ አፈሙዙ የጎበጠ መድፍ ይተኩሳል?»

«ማን ይተኩሰዋል? ራሱን ነው የሚገድለው።»

«ይሄ ዘንግ የዚህ ማሽን አፈሙዝ ነው። ፀጉር ታህል ከጎበጠ ከእንግዲህ አንድ ትክክለኛ ጥርስ አያወጣም።»

የጌታሁን ዘንጉን አየ፤ ገመዱን አየ። ስድስቱ ሰዎች ገመዱን እንደያዙ እሱን ይጠብቃሉ። ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን በራሱ እጅ ፈታና፣ «የት ልሰር ታዲያ፣ መምህርት?» አላት። መምህርት ብሎ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር።

እሷ ከሥር ያለውን ወፍራም እግር አሳየችው። እዚያ አስሮ «ሳብ!» ሲል ማሽኑ እንደ ታዛዥ ግመል ተነቃነቀ። ቱቦዎቹ እየተቀያየሩ፣ ዲጅኖ ከኋላ እየገፋ፣ ጉሃድ በሶማሊኛ የግመል ማጠጫ ዜማ እያወጣ ቶርኖው ወርክሾፑ መሐል ገባ። ዝናቡም ከዚያ በኋላ ነው ዱብ ያለው። የባሬን መኪና ከጉድጓዱ ሲያወጡ ሁሉም እስከ ቅንድቡ ጭቃ ሆነ።

ዝናቡን ተጠልለው ሲቆሙ የጌታሁን ወደ ሀምዲያ ጠጋ አለ። «‹አንቺ ልጅ› ያልኩትን ይቅር በይኝ።»

«አባቴም ዕቃ ሲያነሳ እንደዚያው ነው የሚጮኸው» አለችው። «ነገ ደግሞ ውሃ ልክ እናስይዘዋለን። እሱ ላይ ጩኸት አይሠራም።»

እውነቷን ነበር። የጌታሁን ሁለት ቀን ሙሉ በሆዱ ተኝቶ ከማሽኑ እግር ሥር ስስ ላሜራ ሲያስገባና ሲያወጣ፣ እሷ ከላይ ሆና የውሃ ልኩን አረፋ እያየች «ትንሽ፤ አይ፣ በዛ» ስትለው ዋለ። ሦስተኛው ቀን ላይ በሩ ተበየደ። አንደኛው ጎን ትንሽ ጠመም ብሏል፤ በያጁ ጉሃድ ስለሆነ ማንም አልተገረመም።

በሚቀጥለው ወር ዐርዶ የምትባል ነጋዴ ከሐርተሼክ መጣች። የውሃ ቦቴ ተጎታቿ የጎማው ዘንግ የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት፣ ቡሹ፣ ተበልቶ መንገድ ላይ ቆሞባታል። ሀምዲያ ያለቀውን ቡሽ ለየጌታሁን ሰጠችውና ክንዷን አጣምራ ከኋላው ቆመች። የመጀመሪያውን ቀርጾ ሲለካው ቀጥኗል፤ ጣለው። ሁለተኛውን ሲቀርጽ አልቸኮለም። ከብረቱ የሚወጣው ቅርፋፊ እየተጠቀለለ ጫማው ላይ ይወድቃል። ካሊፐሩን ያዘና ለካ፤ ደግሞ ለካ። ሀምዲያ ተቀብላ ለካችና ለዐርዶ ሰጠቻት።

በአራተኛው ቀን ዐርዶ ተመልሳ መጣች። የጌታሁን ከሩቅ ሲያያት ቡሹ ተሰብሮ መሰለው። እሷ ግን በአንድ እጇ የግመል ወተት በጄሪካን፣ በሌላው የተሰበረ የጄኔሬተር ዘንግ ይዛ፣ ከኋላዋም ሁለት ጎረቤቶቿን የየራሳቸውን ስብርባሪ አሸክማ አስከትላ ነበር።

«ያ ሽማግሌ የታለ?» አለች በሩ ላይ ቆማ።

የጌታሁን እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እዚህ ነኝ» አላት። «ዘንጉን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፤ ወተቱን ለመምህርቷ ስጫት። እናንተም ግቡ፣ በተራ ነው።»