ባቡር ያመለጣት ልጅ

ጥሩወርቅ ሀብተወልድ ወደዚያ አዳራሽ የሄደችው ሳትወድ ነው። እሑድ ከሰዓት እግሯን ዘርግታ ማረፍ ትወዳለች፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ያስጠላታል። ልጇ ልደት ግን የምታዘጋጀው የፊልም ፕሮግራም ተመልካች አጣ ብላ ስትነጫነጭ ሰነበተችና፣ የጥሩወርቅ ባል ገብረመድኅን "እኔም እናትሽም እንመጣለን" ብሎ ቃል ገባላት። ጥሩወርቅን ሳይጠይቅ ነው ቃል የገባው። ልማዱ ነው።

"ምን ዓይነት ፊልም ነው?" አለችው ከሐረር ግንብ በሸዋ በር ሲወጡ።

"ድምፅ የሌለው ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ። ዳይሬክተሩ ኋላ ዓለም ያወቀው ሰው ነው፤ ይኼን ሲሠራ ግን ገና ጎረምሳ ነበር አሉ። የፍቅር ኮሜዲ ነው።"

"ድምፅ ከሌለው ደግ" አለች። ገብረመድኅን ሳቀ። እሷ እየቀለደች አልነበረም።

ገብረመድኅን ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። ሐረር ውስጥ ግማሹ ሰው ተማሪው ነበር ማለት ይቻላል። አዳራሹ ሲገቡም ይኼው "መምህር! መምህር!" እየተባለ የፊት ወንበር ተለቀቀለት። ሰው ፊት ሲሆን ይደምቃል፤ ቤት ሲገባ ጋዜጣውን ገልጦ ይደበቃል። ጥሩወርቅ ከጎኑ ተቀምጣ ነጠላዋን ሰበሰበች።

መብራቱ ጠፋ። ጥቁርና ነጭ ሰዎች ከወትሮው የሰው እርምጃ በፈጠነ አካሄድ መራወጥ ጀመሩ። ከበስተኋላ ፒያኖ ይንጣጣል። ሰዎቹ ሲነጋገሩ አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀስና ጽሑፍ ይመጣል፤ እሱን ልደት ማይክሮፎን ይዛ በአማርኛ ታነባለች።

ታሪኩ ቀላል ነበር። አንድ የጫማ መደብር ሻጭ አንዲት የባንክ ጸሐፊ ይወዳል። ልጅቷ አልፈልግህም ትለዋለች። እሱ ግን ይከተላታል። ትራም ስትሳፈር ይሳፈራል፤ ምግብ ቤት ስትገባ መስኮቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ያያታል፤ ስትሸሸው ሊደርስባት ሲሮጥ ዱቄት በርሜል ውስጥ ይወድቅና ነጭ ሆኖ ይነሳል። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጥሩወርቅ አልሳቀችም። ዓይኗ ልጅቷ ላይ ነበር። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ በየመታጠፊያው ወደ ኋላ እየተገላመጠች ስትሄድ ያን አካሄድ አወቀችው። እሷም በወጣትነቷ ከኪራይ ቤቷ እስከምትሠራበት ጤና ጣቢያ እንዲያ ነበር የምትሄደው። ከኋላዋ የሚከተለው ገብረመድኅን ነበር።

ወደ መጨረሻው ልጅቷ ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ ታገኛለች። ሻንጣዋን ታሰናዳለች። ሰውዬው ተደብቆ ይገባና የቤቱን ሰዓት ወደ ኋላ ያዞረዋል። ባቡሩ ጥሏት ይሄዳል። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ እሱ አበባ ይዞ ብቅ ይላል፤ ታቅፈዋለች፤ ያልቃል።

"ሥራዋስ?" አለች ጥሩወርቅ።

"የምን ሥራ?" አለ ገብረመድኅን። በሳቅ የፈሰሰ እንባውን በመሐረብ እየጠረገ ነበር።

መብራት በርቶ ልደት አስተያየት ስትጠይቅ፣ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚነግደው ጀይላን ከኋላ እጁን አወጣ። እሱም የገብረመድኅን ተማሪ ነበር። "ወላሂ፣ ይኼ ሰውዬ መምህርን ነው የሚመስለው! መምህር፣ እትዬ ጥሩወርቅን እንዴት እንዳገቧት ይንገሩን እንጂ!"

ገብረመድኅን ልመና አያስፈልገውም ነበር፤ ተነሳ።

"እኔ ሰዓት አላዞርኩም" አለ። አዳራሹ ከወዲሁ ሳቀ። "የእኔ ከዚህ ይብሳል። ይቺ ሴትዮ አንድ ዓመት ሙሉ አስከትላኛለች። ዞር ብላ አታየኝም። በኋላ ለላቦራቶሪ ትምህርት ተመርጣ ጎንደር ልትሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሁለት ዓመት! ጎንደር ከሄደችማ አለቀልኝ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጓደኛዬ ነበር። ሄድኩና፣ ልጅቷን ላገባት ነው፤ ሰርዛትና ሌላ ሰው ላክ አልኩት።"

ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። ልደት ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገች።

"ታዲያ ምን ልበላት? አለኝ። የአባቷን መሬት ጥቀስላት አልኩት! ደርግ ነው እኮ ጊዜው። የፊውዳል ልጅ ነሽ ከተባለ ማን ይጠይቃል? በማግስቱ ስታለቅስ አገኘኋት፤ መሐረቤን ሰጠኋት። ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም!"

ሰዉ ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ። ጥሩወርቅ ይህን የሰማችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

አባቷ ሃምሳ አለቃ ሀብተወልድ ከከተማው ውጭ፣ ሶፊ በኩል ትንሽ መሬት ነበራቸው። የደርግ የመሬት አዋጅ ከወሰደባቸው በኋላ ቤት ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። ጥሩወርቅ ከትምህርቱ የተሰረዘች ዕለት ከጤና ጣቢያው በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄደች። "ከእርስዎ ባልወለድ ኖሮ ሰው እሆን ነበር" አለቻቸው። እሳቸው ዳዊታቸው ላይ አጎነበሱ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው መሄድ አቆመች። ሠርጓ ላይ መጥተው ጥግ ተቀመጡ፤ ምርቃቱን ለሌላ ሽማግሌ ተዉት። ዓመት ሳይሞላ ሞቱ። ይቅር ይበሉኝ ሳትላቸው።

ጥሩወርቅ ተነሳች።

"ገብረመድኅን" አለች። ቤት ውስጥ ገብሬ ነው የምትለው። "አባቴን ነው የጠቀስከው?"

"ጨዋታ ነው እኮ፣ ጥሩዬ።"

"ለአባቴ የተናገርኩትን ታውቃለህ። ነግሬህ፣ ደረትህ ላይ ተደፍቼ አልቅሻለሁ። ሲቀበሩም አጠገቤ ቆመህ ነበር። ያኔ ለምን አልነገርከኝም?"

የኋላ ወንበሮች ላይ የነበሩት አሁንም ይስቃሉ፤ የፊቶቹ ጸጥ ብለዋል። ገብረመድኅን ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚያግዘው ሰው የፈለገ ይመስላል።

"ስለወደድኩሽ ነዋ!" አለ። "ባልወድሽ ምን አደከመኝ?"

"እናንተስ ምን ያስቃችኋል?" አለች ወደ ሰዉ ዞራ። ጀይላን አንገቱን ደፋ። ነጠላዋን አጣፋች፣ በወንበሮቹ መሀል አልፋ ወጣች።

ወደ ቤቷ አልሄደችም። ወደ አቦከር ሰፈር ሄደች፤ እዚያ በአባቷ ቤት ወንድሟ ሽመልስ ይኖራል። እሱንም ቢሆን ከቀብሩ ወዲህ በዓመት በዓል ካልሆነ አታየውም ነበር። በሩን ሲከፍትላት ሁሉን ነገረችው፤ ሳትቀመጥ።

ሽመልስ በሩን ከኋላዋ ዘጋ። ከዚያ፣ "አባባ ያቺን ቃልሽን እስኪሞት ድረስ ይዟት ነበር" አለ። "እውነቷን ነው፤ ልጄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ይል ነበር። እኔም አንቺን የጠላሁሽ በዚህ ነው። ዛሬም ቢሆን አልወጣልኝም።"

"ጥላኝ" አለች። "ግን የማድርበት ስጠኝ።"

ሰጣት።

በሦስተኛው ቀን ልደት መጣች። ዓይኗ አብጧል። "እማዬ፣ በአንድ ፊልም ምክንያት ትዳር ይፈርሳል? ከተማው ሁሉ ያወራል። አባዬ ምግብ አልበላም ብሏል።"

"በፊልሙ አይደለም። ፊልሙን የሠራው ልጅ ነው፣ አያውቅም። አባትሽ ግን ሽማግሌ ነው፤ ቆሞ ሳቀበት። አንቺስ? ማይክሮፎኑን ይዘሽ ምን አልሽ?"

ልደት አለቀሰች። ጥሩወርቅ አላባበለቻትም። ልጇ ላይ እንዲህ መጨከኗ ራሷን አስገረማት፤ ቢሆንም አልተመለሰችበትም።

ቀጥሎ ገብረመድኅን ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ የንስሐ አባታቸውንና አብሮት ያስተማሩትን አቶ ሙሐዲንን። ቄሱ ስለ ይቅርታ ተናገሩ። አቶ ሙሐዲንም "እትዬ ጥሩወርቅ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ሰውዬው ተሰብሯል" አሉ።

"ምን አድርጌ ልካስሽ?" አለ ገብረመድኅን፣ መሬት መሬት እያየ።

"እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ሰው ፊት ቁም። ያደረግከውን ደግመህ ተናገር። ሳታስቅ።"

"ተማሪዎቼ ፊት?"

"ስታስቃቸውም ተማሪዎችህ ነበሩ።"

"እሱን አልችልም" አለ። ከዚያም ቁጣው ገነፈለ። "አሳድጌ፣ አኑሬ፣ ልጅ አስተምሬ! ጎንደር ብትሄጂ ኖሮ ይኼን ታገኚ ነበር?"

"እሱን ማወቅ ነበር የምፈልገው" አለች ጥሩወርቅ፣ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ወጡ።

ወራት አለፉ። ጥሩወርቅ ከወንድሟ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየተኮራረፈች ኖረች፤ አንዳንድ ቀን እራት ላይ ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ፣ አንዳንድ ቀን ያም የለም። ግንቦት ላይ ለአባቷ በሕይወቷ አድርጋላቸው የማታውቀውን ተዝካር ደገሰች። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ጎረቤቱ ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ገብረመድኅን በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል። ማንም ግባ አላለውም፤ ማንም ውጣም አላለውም።

"አንድ ነገር ልናገር" አለ። ድምፁ ክፍል ውስጥ የሚያሰማው ዓይነት አልነበረም። "ጥሩወርቅን ከትምህርቷ ያሰረዝኳት እኔ ነኝ። በሃምሳ አለቃ ስም ነው ያሰረዝኳት። እሳቸው ምንም አላደረጉም። እኔ ... እሳቸው በዚህ ነገር አዝነው እንደሞቱ አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።" ሌላም ሊል ፈልጎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

ሽመልስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጥሩወርቅ ሳህን አንስታ ምግብ ጨለፈችና፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠችለት።

"ሰማሁ" አለች። "ብላ።"

"ትመለሻለሽ?"

"አልመለስም።"

ገብረመድኅን ተቀመጠ። የቀረበለትን ጨርሶ በላ፤ እጁን ታጠበ፤ ካህናቱን ተሳለመና ብቻውን ወጣ። ጥሩወርቅ ጎረቤቶቿን ጨምሩ፣ ጨምሩ ማለቷን ቀጠለች።